ሦስት ዓመት የጠጣ ደረቅ እንጨት፦ የአባ ዮሐንስ ሐፂር ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የምንኖርበት አርድ ኤል ሊዋ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበረ። ዛሬ ሕንፃው ተጠጋግቶ ቆሞበት አፈር የምናየው በረንዳ ላይ ባስቀመጥናቸው የዘይት ቆርቆሮዎች ውስጥ ነው። አንዳንዶቻችን ጤና አዳም፣ አንዳንዶቻችን በሶብላ ተክለንባቸዋል። በበጋው ሙቀት ጥቂት ቀን ውኃ ከረሳናቸው ጠውልገው ይጠብቁናል። ዛሬ የምናነሣው አባት ግን ያጠጣ የነበረው ለምለም ተክል አልነበረም፤ ደረቅ እንጨት ነበር እንጂ። እርሱም ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 20 ቀን የምታስበው አባ ዮሐንስ ሐፂር ነው።

ሐፂር ማለት አጭር ማለት ነው፤ በቁመቱ እንዲህ ተባለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ ተወልዶ፣ ገና በ18 ዓመቱ ዓለምን ትቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገባ። አስቄጥስ ሩቅ አገር እንዳይመስለን። ከካይሮ ወደ እስክንድርያ በሚወስደው የበረሃ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምንሳለመው ዋዲ ኤል ናትሩን ነው። በኋላ ዘመን በስሙ በተጠራው ገዳም አካባቢ ከአገራችን የሄዱ መነኮሳትም ኖረዋል።

ቅዱሱ በወጣትነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይኖር ነበር። አንድ ቀን እንደ መላእክት ያለ ሥራና ያለ ሐሳብ እግዚአብሔርን ብቻ እያመሰገነ ለመኖር ተመኘና መጎናጸፊያውን ጥሎ ወደ በረሃው ገባ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ በሩን አንኳኳ። ወንድሙ ማንነቱን ጠየቀው፤ ዮሐንስ መሆኑን ሲሰማም፣ ዮሐንስማ መልአክ ሆኖ ከሰዎች መካከል እንደ ወጣ ነግሮት እስኪነጋ ደጅ አሳደረው። ሲነጋም ከፍቶለት፣ ሰው ነውና ለመብላት መሥራት እንደሚገባው አስተማረው። ሥር ሳይሰድ የሚያብብ ተክል የለም። ዮሐንስም አበባውን ከሥሩ በፊት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ተግሣጹን ተቀበለ። ትልቅነቱም ከዚህ ጀመረ።

የአንድ አረጋዊ መነኩሴ ደቀ መዝሙር በነበረበት ጊዜ መምህሩ ደረቅ እንጨት በበረሃው ተክሎ፣ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ በየቀኑ ውኃ እንዲያጠጣው አዘዘው። ውኃው ቅርብ አልነበረም፤ ማታ ሄዶ ጠዋት የሚመለስበት ሩቅ ነበር። ዮሐንስ ለምን ብሎ አልጠየቀም። አንድ ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱ ደረቅ ነው። ሁለት ዓመት አጠጣ፤ ያው ደረቅ ነው። በሦስተኛው ዓመት ግን እንጨቱ ሕይወት ዘርቶ ለመለመ፤ አፈራም። መምህሩም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለመነኮሳቱ አደለ፤ የመታዘዝን ፍሬ እንዲበሉም ጋበዛቸው።

ወገኖቻችን፤ ከዚህ ምን እንማራለን? ከመካከላችን ስንቱ ነው የጉዳዩን መልስ ዓመታት የሚጠብቀው? ስንቷ እኅታችን ናት በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማታ ለጸሎት ስትቆም ቃሉ ሁሉ የሚደርቅባት? ምንም አልበቀለም፤ ለምን እደክማለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ማጠጣት የእኛ ነው፤ ማሳደግ የእግዚአብሔር ነው። ደግሞም በእነዚያ ሦስት ዓመታት እንጨቱ ደረቅ ሳለ ሌላ ነገር ይለመልም ነበር፤ እርሱም የዮሐንስ ልብ ነው። ፍሬው በሦስተኛው ዓመት ለዓይን ታየ እንጂ በልቡ የጀመረው በመጀመሪያው ሌሊት ነበር።

ይህን ስንል ግን አንድ ነገር እንዳይምታታብን። መታዘዝ ማለት ለሚበድለንና ደመወዛችንን ለሚከለክለን ሁሉ አንገት መድፋት ማለት አይደለም። ዮሐንስ የታዘዘው ነፍሱን ለሚወድድ መንፈሳዊ አባት ነው። ግፍ የደረሰባት እኅት ዝም እንድትል ይህ ታሪክ አይጠቀስባትም፤ ይልቅስ ለንስሐ አባቷና ለምታምናቸው ወገኖች ትናገር።

የዚህ አባት ሌላ ታሪክም አለ። እናትና አባቷ የሞቱባት አንዲት ወጣት የወረሰችውን ቤት የአስቄጥስ መነኮሳት ማረፊያ አድርጋው ነበር። ገንዘቧ ባለቀ ጊዜ ግን ክፉ ሰዎች ቀርበው ወደ ኃጢአት ሥራ መሯት። አባቶች ይህን ሲሰሙ አላሟትም፤ በችግራቸው ቀን የደረሰችላቸውን አስበው አዘኑ፤ አባ ዮሐንስንም ላኩላት። ቅዱሱ አጠገቧ ተቀምጦ ፊቷን አይቶ አለቀሰ። በዚያ እንባ ልቧ ተሰበረ። ንስሐ እንዳለ ጠየቀች፤ እንዳለም ነገራት። ስለ ቤቷ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ ተከተለችው። መሸባቸውና በበረሃው አሸዋውን ትራስ አድርጎ፣ በመስቀል ምልክት አማትቦ አስተኛት። በመንፈቀ ሌሊት ከሰማይ እስከ እርስዋ የተዘረጋ የብርሃን መንገድ አየ፤ መላእክትም ነፍሷን ሲያሳርጉ ተመለከተ። የአንድ ሰዓት ንስሐዋ ከብዙዎች ረጅም ንስሐ ይልቅ መወደዱም ተነገረው።

እንግዲህ አስተውሉ። አንደኛው እንጨት ሦስት ዓመት ውኃ ጠጥቶ ለመለመ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በአንድ ሌሊት እንባ ለመለመች። ጊዜውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። ደረቅ ነው ብለን የምንጥለው ግን ማንም የለም።

አባ ዮሐንስ ራሱ በመጨረሻ ስደተኛ ሆነ። በርበሮች አስቄጥስን ሲወርሩ፣ የሚገድለው ሰው በእርሱ ምክንያት ወደ ሲኦል እንዳይወርድ ብሎ ወደ ቀይ ባሕር ዳር፣ ዛሬ ስዌዝ ወደምትገኝበት ወደ ቁልዝም ሄደ። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በዚያው ዐረፈ። ዐፅሙም በኋላ ወደ አስቄጥስ ተመልሷል።

በዚህ ሳምንት በረንዳ ላይ ያለውን ጤና አዳም ስናጠጣ ከመካከላችን የቀረውን አንድ ሰው እናስብ። ቅዳሴ የተወች እኅት፣ በመጠጥ የተያዘ ወንድም ይኖራል። ቡና ላይ ስማቸውን ከምናነሣ በራቸውን እናንኳኳ። አንድ ጊዜ ሄደን ባይከፍቱልን፣ ውኃው ሩቅ እንደ ነበረ አስታውሰን ደግመን እንሂድ።

የአባታችን የቅዱስ ዮሐንስ ሐፂር ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።