ወይን ጠባቂው ድሜጥሮስና 532

መስከረም 1 ቀን ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች የዓመቱ ወንጌላዊ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ፣ ነነዌ የምትገባበትና ፋሲካ የሚውልበት ቀን ለምዕመናን ይነገራል። ገበሬው ጾሙንም ሆነ የልጁን ሠርግ የሚያሰላው ይህን ይዞ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሌቱን የምትሰጠው ደግሞ ፊደል ላልቆጠረ ወይን ጠባቂ፣ ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው።

ስንክሳሩ እንደሚተርከው ድሜጥሮስ አብራው ያደገች ዘመዱን በወላጆቹ ፈቃድ ቢያገባም፣ ሁለቱ የኖሩት እንደ እህትና ወንድም ነበር። 11ኛው ፓትርያርክ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል፣ የሚተካው ሰው በማግስቱ ወይን ይዞለት እንደሚመጣ በራእይ ተነገረው። ያለ ወራቱ ያፈራ ዘለላ ይዞ ከተፍ ያለው ድሜጥሮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ189 ዓ.ም. መንበሩን ያዘ። ሕዝቡ ግን ባለ ሚስት መሾሙን አልወደደውም፤ ሐሜቱ በረታ። ድሜጥሮስም በራሱና በሚስቱ ልብስ የእሳት ፍም ይዞ በጉባኤው መካከል አለፈ፤ ልብሱ አልተቃጠለም። ይህ መጋቢት 12 ቀን ይታሰባል።

ሌላው ጭንቀቱ የበዓላት ነገር ነበር። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ፋሲካ ከእሑድ እንዳይወጡ ተመኘ። መልአክ ነገረውና ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ ያዘ። ሱባኤ 7 ቀን ነውና 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ 30 ሲነሣለት 19፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይመጣሉ። የሚገርመው፣ 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ካለው የጨረቃ ዓመት የሚበልጠውም በዚያው በ11 ቀን ነው!

ሳምንቱና አራቱ ወንጌላውያን ተዟዙረው የሚገጥሙት በ28 ዓመት፣ ፀሐይና ጨረቃ የሚገጥሙት በ19 ዓመት ነው። 28ና 19ን ከ1 በቀር አብሮ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዑደቶች እኩል የሚጨርሱት በብዜታቸው በ532 ዓመት ብቻ ነው። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው፤ ከ532 ዓመት በፊት በ1486 ዓ.ም.፣ በአፄ እስክንድር ዘመንም፣ ሚያዝያ 4 ቀን ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎች 532ን ለፋሲካ ስሌት በማዋል የሚያነሡት በ5ኛው መቶ ዓመት መባቻ የነበረውን የእስክንድርያ መነኩሴ አንያኖስን ነው። የ19 ዓመቱ ዑደት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴናው ሜቶን ዘንድ ይታወቅ ነበር። በእኔ አስተያየት የድሜጥሮስ ስም የቆየው ለስሌቱ ሥርዓት ባለቤት ሆኖ ነው። የስሙ ሌላ ገጽ ግን ያን ያህል ብሩህ አይደለም። በወጣትነቱ የትምህርት ቤቱን ኃላፊነት የሰጠውን ታላቁን ሊቅ ኦሪገንን፣ የፍልስጤም ጳጳሳት ቅስና ስለሰጡት ከእስክንድርያ አስወጥቶታል። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ232 ዓ.ም. ገደማ አረፈ፤ በዓለ ዕረፍቱ ጥቅምት 12 ነው።

14ኛው ዐቢይ ቀመር በ7448 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም በ1948 ዓ.ም. ተፈጸመ። 2018 ዓ.ም. የ15ኛው ቀመር 70ኛ ዓመት ነው። 15ኛው የሚያበቃው በ7980 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ዮሴፍ ስካሊገር እ.ኤ.አ. በ1583 28ን፣ 19ንና የሮማውያንን የ15 ዓመት የግብር ዑደት አባዝቶ ያገኘው የዘመን ልክም ይኸው 7980 ነው። የእኛው 7980 የሚሞላው በ2480 ዓ.ም. ነው።