ከተጫዋችነት እስከ አሠልጣኝነት፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ማታ ማታ በካምፓችን ሜዳ ኳስ ለሚጫወቱ ልጆቻችን የዛሬው ታሪካችን ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነው (ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። በ1914 ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ረጅም ዘመን ተጫወቱ። መጫወት ሲያቆሙም ከሜዳ አልራቁም፤ አሠልጣኝ ሆኑ። በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ቡድናቸው ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ በላ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነበር።

በ1949 እዚሁ ሱዳን፣ ካርቱም ላይ ከተቋቋመው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾችም አንዱ ናቸው። ከ1964 ጀምሮ በነሐሴ 1979 እስካረፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ዘር የምትለየው የያኔዋ ደቡብ አፍሪካ ውድድር እንዳትገባም አጥብቀው ታግለዋል።

እኛም ለልጆቻችን ቡድን ስናወጣ በአገርና በብሔር አንለያያቸው።