አቡ በክር አር-ራዚ፦ ከኬሚያ ምድጃ ወደ ሕሙማን አልጋ



ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንዲት እህት ውሳኔዋን ስታሳውቀን ብዙዎቻችን ደነገጥን። በኬሚስትሪ በጥሩ ውጤት ተመርቃ ለማስተርስና ለምርምር ስትዘጋጅ ነበር የምናውቃት። እሷ ግን ያንን ትታ ነርሲንግ ለመማር ወስናለች። ይህ ማለት እንደ አዲስ ከታች መጀመር፣ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ማለት ነው። ቤተሰቦቿ አዘኑ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላገዝናትም። አንዳንዶቻችን የአራት ዓመት ልፋቷ እንደ ባከነ ነገርናት፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ በመርፌና በፋሻ ቀለድንባት። እሷም ፈገግ ብላ ዝም አለች።

በዚህ እትም የአቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚን ሕይወት የመረጥነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ሙስሊም ሳይንቲስቶች ወሬ በተነሳ ቁጥር ከኢብን ሲና ጋር እንጠራዋለን። ታሪኩን ረጋ ብለን ስናነብ ግን ያላስተዋልነውን ነገር አገኘን፤ አር-ራዚ ወደ ሕክምና የገባው ዘግይቶ፣ በሌላ ዕውቀት ብዙ ከደከመ በኋላ ነበር።

ከምድጃው ዳር

አር-ራዚ የተወለደው በረይ ከተማ፣ ዛሬ ቴህራን ባለችበት አካባቢ ነው። አል-ቢሩኒ እንደ መዘገበው ዘመኑ 251 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 865 ነበር። በወጣትነቱ ዑድ ይጫወት እንደ ነበር ይነገራል። ልቡን የሰጠው ግን ለኬሚያ ነው።

የዚያ ዘመን ኬሚያ ተራ ማዕድንን ወርቅ የማድረግ ተስፋ የተቀላቀለበት ጥናት ነበር። ሆኖም አር-ራዚ ስለ ሙያው የጻፈውን የሚያይ የኬሚስትሪ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ንጥረ ነገሮችን ከማዕድን፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኙ ብሎ ይከፍላል። ምድጃውን፣ ማንጠሪያውንና ማቅለጫውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። እንዴት እንደሚነጠር፣ እንዴት እንደሚሟሟ፣ እንዴት እንደሚቃጠል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ሥራው በእጁ የሚሠራ ሰው ሥራ ነው።

ሙያውን ለምን ቀየረ?

አል-ቢሩኒ ምክንያቱን ከዓይኑ ጋር ያያይዘዋል። የምድጃው እሳትና የሚተነው ጭስ ዓይኑን ጎዳው፤ መድኃኒት ፍለጋ ሲንከራተትም ሕክምናን ተዋወቀ። ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። አር-ራዚ ባግዳድ እንደ ገባ ሆስፒታሉን ለማየት ሄደ፤ እዚያም አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ አገኘና ስለ መድኃኒቶች ይጠይቀው ጀመር። የሰማው ነገር ደስ አሰኘው። ሌላ ቀን ተመልሶ ሐኪሞቹን ስለሚያያቸው ነገሮች ሁሉ ጠየቀ። እንዲህ እየጠየቀ እዚያው ቀረ።

ሁለቱ ታሪኮች ይለያያሉ። ዘግይቶ መጀመሩን ግን ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። ባግዳድ የመጣው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው የሚሉ አሉ፤ ኢብን ኸሊካን ደግሞ ሕክምናን ሲጀምር ከአርባ በላይ እንደ ነበር የሚባለውን ጠቅሷል። ከመካከላችን በሃያ ሦስት ዓመታችን ጊዜው አለፈብን እያልን የምንጨነቅ ይህን ልብ እንበል።

ይዞት የሄደው ዕውቀት

የቀድሞ ልፋቱ ባክኖ ነበርን? ሥራዎቹ እንደዚያ አይሉም። ከምድጃው ዳር የለመደውን መለየት፣ መመዝገብና ማነጻጸር ወደ ሕሙማኑ ይዞት ሄዷል።

ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ በጻፈው መጽሐፍ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚታይ ይዘረዝራል። የጀርባ ሕመም፣ የአፍንጫ ማሳከክና በእንቅልፍ መካከል መደንገጥ ፈንጣጣን ያመለክታሉ፤ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ በኩፍኝ ይበረታሉ። ይህን ለማወቅ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ መቀመጥ፣ እንቅልፉን ሳይቀር መከታተል ይጠይቃል። በዚያው መጽሐፍ የታማሚው ዓይን፣ ጉሮሮና መገጣጠሚያ እንዳይጎዳ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ምን መመገብ እንዳለበት፣ ቅርፊቱና ጠባሳው እንዴት እንደሚያዝ ለብቻ ጽፏል። ዛሬ ነርስ የምትሠራው ሥራ ብዙው እዚህ አለ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ራሳቸውንና አንገታቸውን ለቀናት የሚያምማቸው፣ ብርሃን የሚሸሹና እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ወደ ከባድ የአንጎል ሽፋን ብግነት እንዳይሄዱ በዘመኑ ሐኪሞች ዘንድ ደም ማፍሰስ የተለመደ ነበር። አር-ራዚ አንዱን ቡድን በዚህ መንገድ አከመ፤ ሌላውን ሆን ብሎ ተወው፤ ከዚያም ውጤቱን አነጻጸረ። ሕክምናው ዛሬ ተትቷል። ሰውን ያለ ፈቃዱ እንዲህ መፈተንም ዛሬ አይፈቀድም። ነገር ግን ሁለት ቡድን አነጻጽሮ መፍረድ ዛሬ በየምርምር ክፍላችን የምንማረው መንገድ ነው።

ያስታምማቸው ነበር

አር-ራዚ የረይን፣ ቀጥሎም የባግዳድን ሆስፒታል መርቷል። ኢብን አን-ነዲም ከአንድ የረይ ሽማግሌ የሰማውን ሲያስተላልፍ የአር-ራዚን መቀመጫ ይገልጽልናል። ተማሪዎቹ በዙሪያው ረድፍ ረድፍ ሆነው ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ ሕመሙን መጀመሪያ ለዳር ተቀማጮቹ ይነግራል። እነሱ ካወቁት መልካም፤ ካላወቁት ወደሚቀጥለው ረድፍ ያልፋል፤ ሁሉም ካልቻሉ አር-ራዚ ራሱ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ ልባችንን የነካው ሽማግሌው አስከትሎ የተናገረው ነው። አር-ራዚ ለድሆችና ለሕሙማን እጅግ ይራራ ነበር። ሰፊ ቀለብ ይቆርጥላቸው ነበር፤ እሱ ራሱም ያስታምማቸው ነበር። ዛሬ በዐረብኛ ነርስ የሚጠራበት ቃል የተወለደው በዚያ ዘገባ ውስጥ ካለው ግስ ነው። በእኛ አገር አስታማሚ ስንል የምናስበው ፌስታል ይዛ በሆስፒታል ኮሪደር የምታድረውን እናት ወይም እህት ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ያንኑ ሥራ በእጁ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሐኪም በአቅራቢያቸው ለማይገኝ ሰዎችም ለብቻው መጽሐፍ አዘጋጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በፍልስፍና ስሙ የሚያያዝባቸው አንዳንድ አመለካከቶች ዑለማዎች አጥብቀው የነቀፏቸው ናቸው። እኛም እነዚያን ልንከተል አላነሳነውም። ትምህርት የወሰድነው ከሕክምናው ነው።

ሕሙማንን መንከባከብ ዝቅ ያለ ሥራ የሚመስለው ካለ ደግሞ ሩፈይዳን (ረዲየላሁ ዐንሃ) ያስታውስ። በኸንደቅ ጊዜ የቆሰሉትን የምታክምበት ድንኳን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ነበር፤ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ሲቆስልም ወደ እሷ ነው የተወሰደው። ከመስጂድ ውስጥ ቦታ የተሰጠውን ሥራ እኛ በምን ድፍረት እንንቀዋለን?

የከፈለው ዋጋ

መንገዱ ቀላል ነበር እያልን አይደለም። አር-ራዚ ስለ ራሱ ሲጽፍ በአንድ ትልቅ የሕክምና ሥራ ላይ ሌት ተቀን አሥራ አምስት ዓመት እንደ ደከመ፣ ከዚያም የዓይኑ ብርሃን እንደ ደከመና የእጁ ጡንቻ እንደ ተበላሸ ይናገራል። ያኔም ሰው እያስነበበና እያስጻፈ ቀጠለ። በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋ። ሊያክመው የመጣውን ሰው ዓይን ስንት ሽፋን እንዳለው ጠየቀው፤ ሰውዬው መመለስ ሲያቅተው መሣሪያውን ወደ ዓይኑ እንዲያስጠጋ አልፈቀደለትም የሚል ታሪክ አለ። በሽተኛን የሚነካ እጅ ዕውቀት እንደሚያስፈልገው እስከ መጨረሻው ያምን ነበር።

አል-ቢሩኒ እንደ መዘገበው በ313 ዓመተ ሂጅራ (925) በተወለደባት ረይ አረፈ። አል-ቢሩኒ 184 ሥራዎቹን ቆጥሮ ዘርዝሯል። ለራሱ ይይዛቸው የነበሩት ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ ሆኑ። ይህም መጽሐፍ በ1279 ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲነበብ ኖሯል።

ለእህታችን

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እህታችንን ደጋግመን አሰብናት። የተማረችው ኬሚስትሪ የትም አልሄደም። የመድኃኒት መጠን ስታሰላ፣ ሁለት መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ምን እንደሚሆን ስታስብ፣ የበሽተኛን ሰንጠረዥ በጥንቃቄ ስትሞላ አብሯት ይሆናል። ምርምር የመረጥን ወንድሞችና እህቶችም በመንገዳችን እንበርታ፤ ኒያችንን እናስተካክል እንጂ ሁላችንም አንድ በር መግባት የለብንም።

ለእሷ ግን ዕዳ አለብን። ስለ ቀለድንባት ዐውፍ እንድትለን እንጠይቃታለን። ቤተሰቦቿን ሄደን ለማነጋገርም ከመካከላችን የተወሰንን ቃል ገብተናል። ትምህርቱ ሲጀመር የሌሊት ተረኛነት እንደሚኖር እናውቃለን፤ በጀመዓው በኩል የምናግዛትን ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገራለን፤ እንዳትቀሩ።

አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን፤ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ የሚያስታምሟቸውንም እጆች ያበርታልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።