የስድስት ኪሎው ሐውልት አብዮተኛ ቀራጺ

እኔ የወሎ ሐራ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ሙታን የሚታሰቡት በዱአና በተዝካር እንጂ በሐውልት አልነበረም። ሕግ ለመማር ስድስት ኪሎ ስገባ ግን የየካቲት 12 ሐውልት በየዕለቱ ከፊቴ ይቆም ጀመር። የማንን ሞት እንደሚዘክር አውቅ ነበር። ማን እንደቀረጸው የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ቀራጺዎቹ ሁለት የክሮኤሽያ ሰዎች ናቸው፤ ፍራኖ ክርሺኒችና አንቱን አውጉስቲንቺች። የዛሬ ጨዋታዬ ስለ ሁለተኛው ነው።

አውጉስቲንቺች እ.ኤ.አ. በ1900 ክላኔጽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዛግሬብ የታላቁ ቀራጺ የኢቫን ሜሽትሮቪች ተማሪ ነበር፤ ከዚያም ፓሪስ ሄዶ ተማረ። በ1929 ከግራ ዘመም ጓደኞቹ ጋር “ምድር” የተሰኘውን የአርቲስቶች ማኅበር መሠረተ። ጥበብ ለድሃው ትቁም የሚል ማኅበር ነበር። ፖሊስ በ1935 አገደው። እርሱ ግን ከዚያ በፊት ጥሎ ወጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሰውየው ያስቸግራል። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና መቅረጽ ከጥንት ሮማውያን የወረደ ወግ ነው፤ አውጉስቲንቺችም ተካነበት። ቀይ ጦርን በ1920 ለመከተው ለፖላንዱ ማርሻል ለፒውሱድስኪ ሳይቀር እንዲህ ያለ ሐውልት ሠርቷል። አብዮተኛ ነኝ ለሚል ሰው ይህ ምን ይባላል?

ጦርነቱ ግን መልሶ ፈተነው። በ1943 ከፓርቲዛኖቹ ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ያይፄ ላይ የተሰበሰበው የፀረ ፋሺስት ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የቲቶንም ምስል እዚያው ቀረጸ። ከድል በኋላ በቲቶ የትውልድ መንደር በኩምሮቬጽ የመሪውን ሐውልት አቆመ። በ1954 ደግሞ ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ “ሰላም” የተባለችው ፈረሰኛ ሴት ቆመች።

የእኛው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1955 የኢትዮጵያና የዩጎዝላቪያ ወዳጅነት ፍሬ ሆኖ ተተከለ። ኮሚኒስቱ ፓርቲዛን ለንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሠራ ማለት ነው። ያገናኛቸው ፋሺዝም ነው። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀናት የታረዱትን መንግሥታችን 30 ሺህ ይላቸዋል፤ ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምታቸዋል።

አውጉስቲንቺች በ1979 ሞቶ በትውልድ ከተማው፣ ሥራዎቹ በተሰበሰቡበት ጋለሪ አጠገብ ተቀበረ። ኩምሮቬጽ ያለውን የቲቶን ሐውልት በታኅሣሥ 2004 በፈንጂ መቱት፤ ራሱ ተቆረጠ፤ በኋላ ተጠገነ። በእኛም አገር ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተገነደሰ። የስድስት ኪሎውን ግን ደርግም አልነካው፣ ኢሕአዴግም አልነካው።

ለምን ቢባል ባለቤቶቹ ገዢዎች አይደሉም፤ ሟቾቹ ናቸው። ሰውየው ለባለሥልጣን ባጎነበሰበት ይወቀስ። ለተገደሉት በቆመበት ግን ስሙ ሊነሳ ይገባል። ከሐውልቱ ሥር አበባ የምናኖር ሁሉ ይህ ዕዳ አለብን።