ዡል ጎኒን እና የሬቲና መላቀቅ ቀዶ ሕክምና

ስዊዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዡል ጎኒን እ.ኤ.አ. በ1870 በሎዛን ተወለደ። በዘመኑ ሬቲናው የተላቀቀ ሕመምተኛ ዕጣው በአብዛኛው ዕውርነት ነበር፤ አልጋ ላይ አስተኝቶ ከመጠበቅ ያለፈ ሕክምና እምብዛም አልነበረም። መላቀቁ የሚመጣው በብግነት ከሚመነጭ ፈሳሽ ነው የሚሉም ነበሩ። ጎኒን ግን በሥነ ደዌ ምርመራ መንስኤው የሬቲናው መቀደድ መሆኑን ተረዳ፤ ፈሳሽ በቀዳዳው ሾልኮ ሬቲናውን ከሥሩ ካለው ሽፋን ይለየዋል። ስለዚህ ቀዳዳውን በኦፍታልሞስኮፕ ፈልጎ፣ ትክክለኛ ቦታውን በዓይን ኳሱ ላይ ለክቶ፣ በነጩ ሽፋን በኩል በጋለ መተኮሻ ተኮሰው። የሚያስገርመው፣ ሌሎች የበሽታው ምንጭ ያሉት ብግነት በእርሱ እጅ መድኃኒት መሆኑ ነው፤ ከቃጠሎው በኋላ የሚፈጠረው ጠባሳ ሬቲናውን መልሶ ያጣብቀዋል። ባልደረቦቹ ለዓመታት ተጠራጠሩት። ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 በአምስተርዳም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዓይን ሕክምና ጉባኤ ነው። ስለ ሬቲና መላቀቅ የጻፈውን መጽሐፍ በ1934 አሳትሞ በዓመቱ ዐረፈ።