ዋልያን ለዓለም ያስመዘገበው የፍራንክፈርት ሰው

ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት ዋልያዎቹ እያልን እንጮኻለን አይደል? እስቲ የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። ካፕራ ዋሊ ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ሩፔል፣ 1835።

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ከሀብታም ባንከር ቤት ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቤተሰቡ ያሰበለት ንግድ ነበር። ጤናው እንቢ ሲለው በ1817 ሞቃት አየር ፍለጋ ግብፅ ወረደ፤ እዚያው ልቡ ሸፈተ። ጣሊያን ሄዶ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ተምሮ ተመለሰና ሲና፣ ሱዳን፣ ቀይ ባሕር እያለ ለፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ሙዚየም ናሙና ይሰበስብ ጀመር።

ወደ ሀገራችን የገባው በ1831 በምጽዋ በኩል ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሰሜን ተራሮች ላይ ወጣ፣ ጎንደር ሰነበተ፣ በ1833 ተመለሰ። በእኛ በወልድያና በመርሳ አላለፈም። የመዘገባቸው እንስሳት ግን እዚህም አሉ፤ ከሀብሩ ቆላ ሽቅብ የሚታየው የሰሜን ወሎ ደጋ የጭላዳ አገር ነው፣ ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይም ቀይ ቀበሮ ይኖራል።

በ1835 ዋልያንና ጭላዳን አስመዘገበ፤ ቀይ ቀበሮንም የመዘገበው እሱ ነው። እኔ የምወድለት ዋልያንና ጭላዳን ሀገሬው በሚጠራቸው ስም መመዝገቡን ነው፤ ዋሊ እና ጌላዳ ብሎ። አዳኙና እረኛው ግን ከሱ በፊት ስንት ዘመን ያውቋቸው ነበር፤ የተጻፈው ስም የሱ ብቻ ሆነ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዋልያ ጎን ሩፔል የሚለው ያለ ቅንፍ ነው፣ ከጭላዳ ጎን ግን በቅንፍ ውስጥ ነው። ቅንፉ ዝም ብሎ አልመጣም፤ መዝጋቢው እንስሳውን ያስገባበት ወገን በኋላ ተቀይሯል ማለት ነው። ሩፔል ጭላዳን ከእስያ ጦጣዎች ወገን ደምሮት ነበር፣ ኋላ የራሱ ወገን ተሰጠው። ስመ ጥሩው ሊኔየስም ከዚህ አላመለጠም። የደቡብ አሜሪካን ጫካ ትልቁን መርዛማ እባብ በ1766 ሲመዘግብ፣ ጅራታቸው ላይ ቃጭል ካላቸው እባቦች ጋር መድቦ ቃጭል ስለሌለው ዲዳው አለው። በ1803 ዶዳን የሚባል ፈረንሳዊ ላኬሲስ የሚል ሌላ ወገን አወጣለት። ዲዳነቱ ግን እስከ ዛሬ ስሙ ላይ አለ፣ ላኬሲስ ሙታ ይባላል።

ቀይ ቀበሮ ላይ ሩፔል አልተሳሳተም። ከውሻና ከተኩላ ወገን አስገብቶ ካኒስ ሲመንሲስ አለው፣ የሰሜኑ ውሻ እንደማለት። ከሱ በኋላ ግን አንዱ ቀበሮ ነው፣ ሌላው ቀይ ተኩላ ነው ሲል ኖረ። በ1994 የታተመ የዘረመል ጥናት ለግራጫው ተኩላ የቀረበ መሆኑን አሳየ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ታዲያ ስም ምን ያደርጋል? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው መልሱን ቶሎ ያገኘዋል፤ ስም በጀት ነው። ዋልያ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፣ የኑብያ አይቤክስ ንዑስ ዝርያ ነው የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። ይሄ ከጸና ሰሜን ተራሮች ላይ የቀረው ጥቂት መንጋ ግብፅና ዓረቢያ ካሉት ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። ሲደመር ቁጥሩ ያን ያህል አያስደነግጥም፣ የማያስደነግጥ ቁጥር ደግሞ ገንዘብ አያመጣም።

ሩፔል በ1839 ከለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር ሜዳሊያ ተሸለመ። የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ፣ ከእኛ ሀገር የሰበሰባቸውን የግዕዝ ብራናዎች ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1884፣ በ90 ዓመቱ አረፈ። የወሰዳቸው ቆዳዎችና አጥንቶች ብዙዎቹ ዛሬም እዚያው ዜንከንበርግ ናቸው። በሳይንሱ ደንብ ስም የሚመሳከረው መጀመሪያ ከተመዘገበበት ናሙና ጋር ነው፤ ስለዚህ የሰሜን ተራሮችን እንስሳ ጉዳይ ማጣራት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪም መንገዱ በፍራንክፈርት በኩል ነው።