የካሉጋው የሒሳብ መምህር

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1857 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ኢዤቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ፖላንዳዊ የደን ሠራተኛ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ክፉ ትኩሳት ያዘውና ጆሮው ሊደነቁር ትንሽ ቀረው። በ13 ዓመቱ ደግሞ እናቱ ሞተች። መምህሩ የሚናገረውን ስለማይሰማ እንደ እኩዮቹ መማር አልቻለም።

በ16 ዓመቱ አባቱ ወደ ሞስኮ ላከው። ዩኒቨርሲቲ ግን አልገባም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት እየዋለ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ብቻውን ተማረ። ከቤት የምትላክለትን ጥቂት ሩብል ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ ያውላት ነበር፤ እሱ በጥቁር ዳቦና በውኃ ነው የኖረው። ከመካከላችን በፈተና ሰሞን በዳቦና በሻይ የሚውል አይጠፋም፤ ሦስት ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው። አባቱ መጎሳቆሉን ሲያውቅ ወደ ቤት መለሰው።

በ1879 የመምህርነት ፈተና አለፈ። መጀመሪያ በቦሮቭስክ፣ ከ1892 ጀምሮ ደግሞ በካሉጋ ከተማ አስተማረ። ሰው ሲያናግረው ከቆርቆሮ በገዛ እጁ የሠራውን ረጅም ቀንድ መሰል ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይደግን ነበር። በትርፍ ጊዜው ስለ ጠፈር ያሰላል። ሮኬት ከምድር ስበት እንዴት እንደሚያመልጥ የሚያሳየውን ስሌት በ1903 አሳተመ። ይህ የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያ በረራቸውን ለ12 ሰከንድ ያደረጉበት ዓመት ነው። ጽሑፉን ያኔ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ስለ ፀሐይ ያሰበው ነው። ፀሐይ ከምትረጨው ኃይል ውስጥ ለምድር የሚደርሳት ከሁለት ቢሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሌላው ሁሉ በባዶ ጠፈር ያልፋል። ጺዮልኮቭስኪ ሰዎች አንድ ቀን ወደዚያ ወጥተው በዚህ ብርሃን አትክልት ሲያበቅሉና ማሽን ሲያንቀሳቅሱ ይታየው ነበር። በ1919 ታስሮ ለጥቂት ሳምንታት ሉቢያንካ ቆየ፤ በ1921 መንግሥት ጡረታ ቆረጠለት። በመስከረም 1935 ካሉጋ ውስጥ ሲሞት ጠፈር የደረሰ ሮኬት አንድም አልነበረም።

በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ትንሽ ሳተላይት በፀሐይ ኃይል መሥራት ጀመረች። በ1968 ፒተር ግሌዘር የተባለ መሐንዲስ ከዚያ አልፎ ሄደ፦ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚቆሙ ሳተላይቶች የፀሐይን ኃይል ሰብስበው በማይክሮዌቭ ወደ መሬት ይላኩ አለ። በዚያ ከፍታ ደመና የለም፤ ፀሐይም ከጥቂት ጊዜ በቀር አትጠፋም። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,360 ዋት ያህል ያርፋል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ጣሪያችን ላይ ያለው ዱድ ሼሜሽ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2023 የካልቴክ ተመራማሪዎች በሳተላይት ላይ በተጫነ መሣሪያ ኃይል ያለ ሽቦ አስተላልፈው ሁለት ትንንሽ መብራት አበሩ። ወደ ምድር የላኩትም ጨረር ደካማ ቢሆንም ተገኝቷል።

ከሁለት ትንሽ መብራት እስከ አንድ ከተማ ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው። የሚያስቸግረውም ያው የ1903ቱ ስሌት ነው። ምሕዋር የሚደርስ ሮኬት ሲነሣ ከክብደቱ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ ነዳጅ ነው፤ ለጭነት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ማመንጫው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቶን ይመዝናል። ተመልሰው የሚያርፉ ሮኬቶች ዋጋውን ቀንሰውታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ገና ብዙ መውረድ አለበት።